ግልብጥ ፎቶ ማንሳት፦ ከድሬና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው እትም ተገልብጦ የሚታይ ነገር አንስታችሁ ላኩልን ብለን ነበር፣ ፎቶው ጥቂት ጥያቄው ብዙ ሆነ። አሳጥረን ነው የምናወጣው፣ ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ መንገድ ላይ በሚቆየው ውሃ ውስጥ ባቡር ጣቢያውን ለማንሳት እሞክራለሁ፣ ግን ወይ አስፋልቱ ብቻ ይታያል ወይ ሕንፃው ደብዝዞ ይወጣል። ያለኝ ስልክ ነው፣ ካሜራ ልግዛ እንዴ?

መልስ፦ አቦ ብርህን ያዝ! ለዚህ ሥራ ስልክ እንደውም ከትልቅ ካሜራ ይሻላል፣ ሌንሱ ጠርዙ ጋ ስለሆነ ስልኩን ዘቅዝቀህ ሌንሱን ውሃውን ሊነካ እስኪል ድረስ ማስጠጋት ትችላለህ። ቆመህ ቁልቁል ስታይ ውሃው ከደረሰው ብርሃን መልሶ የሚልክልህ 2 ከመቶ ገደማውን ብቻ ነው፣ የቀረው ወደ ውስጥ ገብቶ አስፋልቱን ያሳይሃል፣ ቁጢጥ ብለህ አግድም ስታየው ግን ያው ውሃ መስታወት ይሆናል።

የመደብዘዙ ነገር ደሞ ፎከስ ነው። ውሃው ላይ ስትነካ ስልኩ የሚይዘው ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ቅጠል ነው፣ የጣቢያው ምስል ግን ውሃው ላይ የተለጠፈ አይደለም፣ ርቀቱ ካንተ እስከ ውሃው ያለውና ከውሃው እስከ ሕንፃው ያለው ተደምሮ ነው። ስለዚህ ነጸብራቁ ውስጥ ያለውን መስኮት ወይ ጽሑፍ ፈልገህ እሱ ላይ ጣትህን ተጭነህ ቆየት በል፣ ፎከሱ ይቆለፋል፣ ከዛ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርገው። ካሜራ ያላችሁ ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ መስታወት) ካለ አውጡት፣ ነጸብራቁን እሱ ነው የሚበላባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚህ በታች ላሉትም ጥያቄዎች ይሠራል። ግልብጥ ፎቶ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ይኑር። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ የሚያልፍ ሰው ጫማ፣ የባጃጅ ጎማ፣ የፈለገው ይሁን። ያ ከሌለ ያየው ሰው ስልኩን አዙሮ አዙሮ ይተወዋል።

ደሞ የድሬ ውሃ አይጠብቅም፣ ጥሎ ካባራ አሸዋውና ሙቀቱ ቶሎ ይጨርሱታልና እዛው ሆነህ ጠብቅ። ደቻቱ (ከተማውን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ) አሸዋ ውስጥ ገብቼ ላንሳ እንዳትል ግን! ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ደንገጎ ተራራ በኩል የጣለው ዝናብ ድንገት ይመጣል፣ የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም፣ ለእንግዳ ግን ንገሩ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ አንድ ልጅ ሕንፃ ውሃ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ፖስት አድርጎ ኤዲት አይደለም ብሎ ይምላል፣ እኔ ግን አላመንኩትም። በምን ይለያል?

መልስ፦ የላይኛውን ግማሽ ኮፒ አድርጎ ገልብጦ ከታች መለጠፍ ያሁኑ አፕ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፣ መለየቱም ብዙ ጊዜ አይከብድም። ነጸብራቅ ኮፒ አይደለም። ካሜራው ከውሃው በላይ ያለበትን ያህል ከውሃው በታች ገብቶ ወደ ላይ ቢያይ የሚያገኘው እይታ ነው፣ ስለዚህ የበረንዳ ጣራ ካለ ከላይ ቆርቆሮው ሲታይ ውሃው ውስጥ ግን ሆዱ ይታያል። ከሕንፃው ጀርባ ተራራ ካለ ደሞ ነጸብራቁ ውስጥ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ሕንፃው ይሸፍነዋል። የልጁ ፎቶ ላይ ተራራው ከላይም ከታችም እኩል ከወጣ መጠርጠርህ ልክ ነው። ሌንሱ ውሃው አፍ ላይ ከነበረ ግን ይሄ ልዩነት ይጠባል፣ ያኔ ብርሃኑን እይ፣ እውነተኛው ነጸብራቅ ከላዩ ትንሽ ጠቆር ማለት አለበት፣ ሞገድ ካለም ምስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይለጠጣል። ሙልጭ ያለ እኩል ብርሃን ካየህ አፕ ነው።

ጥያቄ (ድሬ ሐረር የሚመላለስ ሹፌር)፦ ታኅሣሥና ጥር ላይ በጠዋት ደንገጎ ጫፍ ሆኜ ወደ ድሬ ሳይ ጭሱና አቧራው ከላይ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ልክ አንድ ከፍታ ላይ ያበቃል፣ ሳነሳው ግን ነጭ ነገር ብቻ ይሆናል። ምንድነው? እንዴትስ ላንሳው?

መልስ፦ ጥሩ ዓይን አለህ። አየር በተለምዶ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ በአማካይ በ1000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ገደማ፣ ለዛ ነው 1200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬ ተነስተህ ሐረር ስትደርስ ጃኬት የምትፈልገው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲልና ነፋስ ሲጠፋ ግን መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ይቀዘቅዛል፣ አጠገቡ ያለውን አየርም ያቀዘቅዘዋል፣ ከተራራው ላይ የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ተንሸራቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ከሱ በላይ ሞቅ ያለው አየር ይቀመጣል፣ ማለትም ሥርዓቱ ተገለበጠ፣ የአየር ንብረት ባለሙያዎች ኢንቨርሽን የሚሉት እሱን ነው። ከታች የሚነሳው ጭስ ያ ሞቃት ንብርብር ጋ ሲደርስ ከዛ በላይ የሚገፋው ስለማያገኝ ወደ ጎን ይንጣለላል። ሕዳር 12 ቆሻሻ የሚታጠንበት ጠዋት (በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የመጣ ልማድ ነው) ጭሱ አልሄድ ብሎ ሰፈር ላይ የሚተኛውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

አነሳሱ። ፀሐይ ከወጣችበት ከ12 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ 2 ሰዓት ያለው ነው ያንተ ጊዜ፣ መሬቱ ሲሞቅ ጭሱን የከደነው ሞቃት ንብርብር፣ ክዳኑ፣ ይፈርሳል። ከደንገጎ ቀጥታ ወደ ድሬ ስታነሳ ፀሐይ ከኋላህ በቀኝ ትሆናለች፣ ለዛ ነው ነጭና ጠፍጣፋ የሚሆንብህ። ሌንሱን ወደ ምሥራቅ ወደ ፀሐዩ ጎን አዙር፣ አቧራ ብርሃን የሚይዘው ከፊት ለፊት ሲመጣበት ነው፣ ኮረብቶቹም አንዱ ካንዱ ጀርባ ተደርድረው ይወጣሉ። ሰፊውን ሌንስ ተው፣ በዙም ሳብ አድርገህ የክዳኑን መስመርና መስመሩን በስቶ የወጣ አንድ ጉብታ ወይ ምሰሶ ያዝ። ስልክህ ላይ በራሱ ፎቶ የሚያሳምር ነገር ካለ አጥፋው፣ ስልኩ ጭጋጉን ጥፋት መስሎት ያጸዳዋልና። እባክህ ደሞ ኩርባው ላይ እንዳትቆም፣ ተሳፋሪ ጭነሃል።

ቀን ላይ ደሞ ተቃራኒውን ከፈለግክ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ የሚወስደው ሜዳ መንገድ አለልህ። እዛ የሞቀው ከታች ነው፣ አስፋልቱ አጠገብ ያለው አየር በጣም ስለሚግል ብርሃኑን ወደ ላይ ያጥፈዋል፣ ከሩቅ ውሃ የመሰለህ ነገር ተገልብጦ የመጣ ሰማይ ነው። ከመንገዱ ዳር ወጥተህ ዝቅ በል፣ ዙምህን ጨርሰህ ሳብና ከባድ መኪና እስኪመጣ ጠብቅ፣ ከእግሩ ሥር ሌላ ግልብጥ መኪና ተለጥፎበት ይመጣል።

ጥያቄ (ከለገሃሬ)፦ ስልኩን ዘቅዝቄ ያነሳሁት ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ይከፈታል፣ ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም። የትኛው ጎን ላይ እንደሆነ ስልኩ ፎቶው ላይ ምልክት ያደርጋል፣ አንዳንድ ፕሮግራም ምልክቱን አያነብም። አዙረሽ ሴቭ አድርጊው፣ አለቀ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጁገል ውስጥ)፦ የፎቅ ክፍላችንን የእንጨት መስኮት ቀን ላይ ስንዘጋው መንገዱ ላይ የሚሄዱት ሰዎች ግድግዳው ላይ ተገልብጠው ይታያሉ፣ ልጆቹ ሰው በጣራ ይሄዳል እያሉ ይስቃሉ። ይሄን ማንሳት ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ ቀናሁብሽ! እናንተ ያላችሁት ካሜራ ውስጥ ነው። ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ በጠባብ ቀዳዳ ሲገባ ከላይ የመጣው ወደ ታች ከታች የመጣው ወደ ላይ ያልፋል፣ ግራና ቀኙም ይቀያየራል፣ ባስራ ተወልዶ ካይሮ የሠራው የብርሃን ሊቅ ኢብን አል ሃይሰም በ11ኛው ክፍለ ዘመን አጥንቶ የጻፈበት ነገር ነው። የስልካችሁም ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚቀበለው፣ የሚያቃናልን ሶፍትዌሩ ነው።

አሁን ብርሃኑ የሚገባበት የመስኮቱ ስንጥቅ ቅርጹ ዝንጥፍጥፍ ስለሆነ ምስሉን ያደበዝዘዋል። መስኮቱን በካርቶንና በጥቁር ላስቲክ ድፈኚው፣ መሀሉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ብቻ ተዪ። ቀዳዳው ሲጠብ ምስሉ ይጠራል ግን ይጨልማል፣ ሲሰፋ ተቃራኒው፣ መሀሉን እየሞከርሽ ትደርሺበታለሽ። በጣም የጠራ ከፈለግሽ ቁጥር 1 የማንበቢያ መነጽር ቀዳዳው ላይ ለጥፊና ነጭ አንሶላ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ትንሽ አለፍ አድርገሽ ወጥሪ፣ ወደፊት ወደኋላ ስታደርጊው የሆነ ቦታ ላይ የሰውየው ቁልፍ ሳይቀር ይወጣል።

ሰዓቱን የሚወስነው የናንተ መስኮት ሳይሆን ከፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ነው፣ ፀሐይ እሱ ላይ ስታርፍ ነው ማንሳት። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ከሆነ ጠዋት፣ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከሰዓት። ያ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀባ የጁገል ግድግዳ ክፍላችሁን በቀለም ይሞላዋል። ስልኩን ወይ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ፣ ካጣሽም ወንበር ላይ በመጽሐፍ ደግፊው፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 ላይ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ክፍት ይሁን። ይሄን ያህል ክፍት ሲሆን የሚራመድ ሰው ይጠፋል፣ የሚቀረው የቆመው ነው፣ ስፌት መኪናው ላይ ያጎነበሰ ልብስ ሰፊ፣ የቆመች ፔጆ 404። መንገደኛው ራሱ ከተፈለገ ቪድዮ ይሻላል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሰፌዶች ካሉ ሁሉንም እንዳታወርጂ። ምስሉ ነጭ ቦታ ቢፈልግም ሁለት ሦስቱን ተያቸው፣ መንገዱ ተገልብጦ እነሱ ላይ ሲያርፍ እነሱ ቀጥ ብለው ይቆያሉና የትኛው የቤቱ የትኛው የደጁ እንደሆነ ያየ ሁሉ ይለያል። ፎቶው ላይ ፊቱ የሚለይ ጎረቤት ካለ ግን ለኛ ከመላክሽ በፊት አሳዪው፣ ካልፈቀደ ሌላ ቀን ደግመሽ አንሺ፣ መስኮቱ የትም አይሄድም።