ማታ ቤታቸው አልገባ ያሉ ዶሮዎች

ጥያቄ፦ «ከመራዊ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ሃያ ሁለት ዶሮ ነበረኝ፤ አሥራ ስድስቱ ቀያዮቹ የፈረንጅ፣ የቀሩት የሐበሻ። እስከ ፋሲካ ድረስ በቀን አሥራ አራት እንቁላል እሰበስብ ነበር። አሁን አምስት ካገኘሁ ትልቅ ነገር ነው። መኖአቸውን አልቀየርኩም፣ በቆሎና የቤት ትርፍራፊ ነው። ሁለቱ ሞቱብኝ፤ አንዷ ታቅፋ ሳለች ነው። ያሉትም ፈዘዋል። ማታ ደግሞ ቤታቸው አልገባ እያሉ ልጆቹን ያለፋሉ። ቴትራሳይክሊን በጥብጬ አጠጣኋቸው፣ ምንም አልረዳ። ዓይን ነው የሚሉኝም አሉ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ ያስጨነቀዎት የእንቁላሉ ማነስ ነው። እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ልጆቹ ድካም አድርገው ጣል ያደረጉት ነገር ነው፤ ዶሮዎቹ ማታ ቤታቸው አልገባ ማለታቸው። ዶሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንም ሳይነዳት ወደ ቆጧ የምትመለስ እንስሳ ናት። ከአውሬ የምትሸሸው ወደ ቤቷ ነው። ቤቷን ራሱን ከሸሸች ግን እዚያ የሚጠብቃት ነገር አለ ማለት ነው።

ታቅፋ የሞተችውን ሲጨምሩበት ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። የታቀፈች ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ከጎጆዋ እምብዛም አትነሳም። ሌሎቹ ቀን ወጥተው ሲያርፉ እሷ ሌትም ቀንም እዚያው ናት። ስለዚህ የዶሮ ቤት ውስጥ ደም የሚመጥ ተባይ ሲኖር መጀመሪያ የሚገድለው እሷን ነው። የእርስዎም ዶሮዎች ጠላት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። አንዳንዱ ቅንቅን ይለዋል፣ አንዳንዱ የዶሮ ቅማል። ስሙ እንደየአገሩ ይለያያል፣ ሥራው ግን አንድ ነው። ቀን ቀን በቆጡ ስንጥቅ፣ በግድግዳው ንቃቃት፣ በጎጆው ጭድ ውስጥ ይደበቃል። ሲመሽ ወጥቶ በዶሮዎቹ እግር ይወጣና ደማቸውን መጥጦ ሳይነጋ ይመለሳል። ቀን ዶሮዋን ይዘው ላባዋን ቢገልጡ ምንም ላያዩ የሚችሉትም ለዚህ ነው። ደሟ ያለቀ ዶሮ እንቁላል ከምን ትሠራለች? ትፈዛለች፣ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ መጣሏን ታቆማለች።

አንድ ቤት የሆነውን ልንገርዎት። የታቀፈች ዶሮ ሞታ ተጠርቼ ሄድኩና ከጎጆዋ ላነሳት ስል እጄ ላይ እንደ ባዶ ላባ ቀለለችኝ። ከሥሯ ያለው ጭድ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ነጭና ቀይ ጤፍ የተቀላቀለበት ይመስል ነበር፤ የራበው አመድማ፣ የጠገበው ቀይ። እንቁላሎቹ ሥር ደግሞ ጫጩቶቹን የሚጠብቅ ሌላ መንጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ዶሮ ስጠየቅ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መኖ ሳይሆን ስለ ቤታቸው ነው።

ፈንግል ይሆን ብለው ሰግተው እንደሆነ፣ አይመስለኝም። ፈንግል ቢሆን በቀናት ውስጥ አብዛኞቹን ይፈጅ ነበር፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጣመም፣ የትንፋሽ ማጠር ያዩ ነበር። ወር በፈጀ ጊዜ ሁለት ብቻ አይሞቱብዎትም።

ቢሆንም በእኔ ግምት ብቻ አይሂዱ፤ በዓይንዎ ይዩት። ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከተረጋጉ በኋላ፣ ባትሪና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይዘው ይግቡ። ጨርቁን በቆጡ እንጨት ሥር፣ በተለይ እንጨቱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጫፍ፣ ጫን አድርገው ይሳቡት። ጨርቁ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ የዶሮዎችዎ ደም ነው። ማታ መግባት ካልተመቸዎት አንድ የካርቶን ቁራጭ አጥፈው ቆጡ ላይ አስረው ይተዉትና ጠዋት ይዘርጉት፤ እጥፋቱ ውስጥ ተሸሽጎ ያገኙታል።

አሁን ወደ ሥራው። የሚያስፈልግዎት የፈላ ውሃ፣ አመድ፣ ጭቃና የአንድ ቀን ጉልበት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም።

ፀሐያማ ቀን ይምረጡና ጠዋት ዶሮዎቹን ያስወጡ። ቤቱ ውስጥ ያለውን ጭድና የጎጆውን ሣር ሁሉ ጠርገው ከግቢው ራቅ አድርገው ያቃጥሉት። ማሳ ላይ አይበትኑት። ቀጥሎ ቆጡን ያውርዱት። የባሕር ዛፍ እንጨት ከነልጡ ከሆነ፣ ለተባዩ ከዚያ የሚሻል ቤት የለምና ልጡን ልጠው ይጣሉት፤ እንጨቱ ለስላሳ ይሁን። በገመድ ወይም በልጥ የታሰረ ከሆነም ማሰሪያውን አቃጥለው በሽቦ ይተኩት። ብዙ ሰው እንጨቱን ያጥብና ማሰሪያውን ይረሳል፤ ተባዩ በአብዛኛው ያለው ግን እሱ ውስጥ ነው።

ከዚያ እንጨቱን፣ የእንቁላል መጣያውን ሣጥን፣ የግድግዳውን ንቃቃት ሁሉ በሚንፈቀፈቅ ውሃ ይጠቡት። ለብ ያለ ውሃ አይሠራም፤ ከምድጃው እንደወረደ ይፍሰስበት። ልጆቹን ያርቋቸው። ሲደርቅ ስንጥቁን ሁሉ አመድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይምረጉት። ምርጊትን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ለራስዎ ቤት እንደሚያደርጉት አድርገው ነው። ክፍት የቀረች ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ለሺህ ተባይ ትበቃለች።

ቆጡን ሲመልሱ ግድግዳ አያስነኩት። አራት እግር ያለው እንደ ረጅም አግዳሚ ያለ አድርገው ያቁሙትና እያንዳንዱን እግር ባዶ የድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱት። ቆርቆሮው ውስጥ ጥቂት የተቃጠለ ዘይት ይጨምሩ። ተባዩ መብረር አይችልም፤ ወደ ዶሮዋ ለመድረስ በእግሩ መውጣት አለበት፣ ዘይቱ ላይ ሲደርስ ይቀራል። ዘይቱን ግን ዶሮ እንዳትጠጣው ቆርቆሮውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በእንጨት ጋርደው ያስቀምጡ፣ ላባቸውንም አያስነኩ።

ለዶሮዎቹ ራሳቸው ደግሞ የአመድ መታጠቢያ ያዘጋጁላቸው። ከጣሪያው ጥላ ሥር ዝናብ በማይነካው ቦታ ሁለት ስንዝር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፍሩ፣ ወይም ያረጀ ጎማ ያስቀምጡ። አንድ እጅ የተነፋ ቀዝቃዛ የእንጨት አመድ ከሁለት እጅ ደረቅና ደቃቅ አፈር ጋር ቀላቅለው ይሙሉት። እነሱ ራሳቸው ገብተው ይንከባለላሉ፤ ዶሮ ያለ አስተማሪ የምታውቀው መድኃኒት ነው። የደከሙትን ግን ማታ አንድ በአንድ ይዘው በክንፋቸው ሥርና በፊንጢጣቸው ዙሪያ አመዱን ያሹላቸው፣ ዓይንና አፍንጫቸውን ሳይነኩ።

ይህን አንድ ጊዜ አድርገው ካቆሙ ልፋትዎ ከንቱ ይሆናል። በዚህ ሙቀት የተባዩ እንቁላል ተፈልፍሎ ለአቅመ መራባት እስኪደርስ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ በሰባተኛው ቀን፣ ከዚያም በአሥራ አራተኛው ቀን የፈላ ውሃውን ይድገሙት። ቤቱን ዘግቶ ማስራብም አያዋጣም፤ ይህ ተባይ ሳይመገብ ከስድስት ወር በላይ መቆየት ይችላል። እንግዲህ ግንቦት ነው፣ ሰኔ ከገባ ደረቅ አፈርም ፀሐይም አይገኝም፣ ዶሮዎቹም ቀኑን ቤት ውስጥ ይውላሉ። ከዚያ በፊት ሦስቱንም ዙር ይጨርሱት።

አሁን የሚቆጡኝ ቢሆን እንኳ ስለ ቴትራሳይክሊኑ መናገር አለብኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ ብቻ ቢሆኑ ዝም እል ነበር፤ የምሄድበት ቤት ሁሉ ግን ይኸው ነው። ዶሮ ስታስነጥስ ካፕሱል፣ ስትተክዝ ካፕሱል፣ እንቁላል ስታቆም ካፕሱል። ቴትራሳይክሊን ተባይ አይገድልም፤ ፈንግልንም፣ ቫይረስ ስለሆነ፣ አይነካውም። በግምት የተበጠበጠ ግማሽ ካፕሱል የሚያደርገው ነገር ቢኖር ተሕዋሲያኑን መድኃኒት ማስለመድ ነው። መድኃኒቱም በእንቁላሉ ውስጥ ይወጣል፤ ያንን እንቁላል ቅዳሜ ገበያ ይሸጡታል፣ የቀረውን ልጆችዎ ይበሉታል። ነገ ልጅዎ ሲታመም ያው መድኃኒት ላያድነው ይችላል። እባክዎ እናቴ፣ ይህን ይተዉት። እስከዚያው የሚሰበስቡትን እንቁላል፣ ያጠጡበትን ቀን ነግረው የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ሳይጠይቁ አይሽጡ፣ ለልጆችም አይስጡ። የጎተራ እህል መድኃኒት ዶሮዎቹ ላይ ነስንሺ የሚልዎት ካለም እምቢ ይበሉ፤ ዶሮዋንም ሰውንም ይመርዛል።

መኖውን በተመለከተ፣ በቆሎ ብቻውን ለእንቁላል አይበቃም። ደማቸው እስኪመለስ ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ወቅጠው ይቀላቅሉላቸው፣ ጎመን ቅጠልም ይጣሉላቸው። ውሃቸው ቀኑን ሙሉ አይቋረጥ።

እንቁላሉ በማግሥቱ ይመለሳል ብለው አይጠብቁ። ደም እስኪተካ ሦስት ሳምንት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ ይወስዳል። ቀድሞ የሚያዩት ለውጥ ሌላ ነው፤ አንድ ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማንም ሳያሯሩጣቸው ተሰልፈው ሲገቡ ያገኟቸዋል። ልጅዎ በየቀኑ የተገኘውን እንቁላል ቁጥር ደብተሯ ላይ ትጻፍልኝ። በሦስተኛው ዙር ማግሥት ካርቶኑን ዘርግተው ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ከወር በኋላም እንቁላሉ ከአምስት ካላለፈ፣ ቁጥሩንና የቀያዮቹን ዕድሜ ይዘው እንደገና ይጻፉልኝ። ያን ጊዜ ወደ እርጅናቸውና ወደ መኖአቸው እንመለሳለን።