የሰሜን ሕንድ ምሽጎችና ቤተ መንግሥቶች፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ዴልሂ፣ አግራና ራጃስታን ውስጥ ምሽግ ለምሽግ ስዞር ጫማ ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያለኝ አምስት ቀን ነው። የት የት ልሂድ?

ዴልሂ፣ አግራ፣ ጃይፑር። ጆድፑርን እጨምራለሁ ካልክ ቀንህ መኪና ውስጥ ያልቃል። ስትመድብ ግን ልብ በል፤ የዴልሂው ቀይ ምሽግ ሰኞ፣ ታጅ ማሐል ደግሞ ዓርብ ዝግ ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ዓርብ ጠዋት አግራ ገብቼ በሩን አይቼ ተመልሻለሁ።

ታጅ ማሐልን ካየሁ የአግራ ምሽግ ይቅርብኝ?

እንዳይቀርብሽ! እንዲያውም ከምሽጉ ጀምሪ። ሕንድን ይገዙ ከነበሩት የሙጋል ነገሥታት አንዱ አክበር በ1565 በቀይ ድንጋይ ማስገንባት ጀመረ፤ የልጅ ልጁ ሻህ ጃሃን ደግሞ ውስጡን በነጭ እብነ በረድ አስዋበው። በ1658 የገዛ ልጁ አውራንግዜብ ሥልጣኑን ነጥቆ እዚያው ምሽግ ውስጥ አሰረው። በ1666 እስኪሞት አልወጣም። ወንዙ ዳር ሙሳማን ቡርጅ የሚባል ባለ ስምንት ማዕዘን ሰገነት አለ። ዓምዶቹ ላይ አበባ ታያለሽ፤ ቀለም እንዳይመስልሽ፣ እብነ በረዱ ተፈልፍሎ ባለቀለም ድንጋይ ተሰክቶበት ነው። ከዚያ ቀና ስትዪ ከወንዙ መታጠፊያ ማዶ ታጅ ይታያል። የሚስቱን መቃብር እያየ ስምንት ዓመት ኖረ ማለት ነው። ሰገነቱ ተዘግቶ ብታገኚው ከጎኑም ያው ይታያል።

እናቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ ጉልበቷን ያማታል።

ጃይፑር አጠገብ ያለው የአምበር ምሽግ ኮረብታ ላይ ነው፤ በጂፕ ውጡ። ውስጡ ደረጃ አለ፣ ቀስ በሉ። ጃይፑር ከተማ ውስጥ ያለው ሐዋ ማሐል የሚባለው ቤተ መንግሥት ግን ይመቻቸዋል፤ ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚያወጣው በአብዛኛው ተዳፋት ነው። በ1799 ሲሠራ የቤተ መንግሥት ሴቶች ሳይታዩ መንገዱን እንዲያዩ ተብሎ 953 ትንንሽ መስኮት ወጣለት። መግቢያው ከጀርባ ነው፤ ከፊት ለፊት በር ስትፈልጉ እንዳትውሉ።

ወደ አምበር ምሽግ በዝሆን መውጣትስ?

ይቅር። በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው።

ከሁሉ ያስገረመዎት ዕቃ ምንድን ነው?

የጃይፑር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሉት ሁለት የብር ጋኖች። ሰው ይውጣሉ። ንጉሡ ማዶ ሲንግ በ1902 ለእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ መጫን ሲሄዱ የባሕር ማዶ ውሃ አልጠጣም ብለው የጋንጅስን ውሃ በእነሱ ሞልተው ሄዱ። እኛ በርበሬና ሽሮ በሻንጣ ስንጭን ይስቁብናል!

ከእኛ ጋር የሚገናኝ ነገር አለ?

አለ። ዐፄ ፋሲል በ1660ዎቹ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ወደ አውራንግዜብ ልከው ነበር፤ አባቱን ያሰረው ያው ሰውዬ። ከስጦታው ውስጥ በበሬ ቀንድ የተሞላ ዝባድ ነበረበት። ስለዚህ የዴልሂው ቀይ ምሽግ ስትገባ እንግዳ ነኝ አትበል፤ ከጎንደር ቀድሞህ የመጣ አለ።

መቼ ልሂድ?

ከኅዳር እስከ የካቲት። ታኅሣሥና ጥር ጉሙ ባቡር ያዘገያል፣ ሰፋ አድርገህ አቅድ። ግንቦትን እርሳው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ምግብ ይዤ ብገባ ችግር አለው?

ብስኩት በእጅህ አትያዝ። ጦጣዎቹ አይለምኑም፣ ይነጥቁሃል።