መልስ፦ ክፍላችን ዓይነ ስውር ተማሪ ሊገባ ነው፤ ልጆቹን እንዴት ላዘጋጃቸው?
ሰላም መምህርት፣ ዓይናቸውን በሻሽ አስሮ «እስቲ ሞክሩት» የሚባለውን ጨዋታ ተይው። የሚያተርፉት ፍርሃትና «ወይኔ ሲያሳዝን!» ነው፤ ልጁ በዓመታት የለመደውን እነሱ በ5 ደቂቃ አያገኙትም።

ይልቅ ሁለት ሁለት አድርገሽ መምራትን አለማምጃቸው። መጀመሪያ ስማቸውን ይናገሩ፣ «ልምራህ?» ብለው ይጠይቁ። እሺ ካለ የእጁን ጀርባ በእጃቸው ጀርባ ነካ ያድርጉ፤ እሱ ራሱ ከመሪው ክርን ከፍ ብሎ ይይዛል። መሪው ግማሽ እርምጃ ይቀድማል፤ ደረጃ ሲደርሱ ቆም ብሎ «ወደ ላይ» ወይም «ወደ ታች» ይበል። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ይገፋሉ ወይም በትሩን ይጎትታሉ፤ ያኔ ከፊቱ ምን እንዳለ ማወቂያ ያጣል።

ለእረፍት ሰዓት ኳሷን ፌስታል ውስጥ ቋጥሯት፣ ስትንከባለል ትንኮሻኮሻለች። ሣር ላይ ግን ድምፅዋ ይጠፋል፣ ሲሚንቶ ይሻላል።