የማይነሳ ሞኒተር፦ የፓወር ቦርድ ጥያቄና መልስ ለጀማሪዎች

ዛሬ ማታ ስለ ሞኒተር ፓወር ቦርድ (የግድግዳውን ኃይል ለሞኒተሩ ወደሚስማማ ስለሚቀይረው ቦርድ) ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ቦርዱ ላይ ጎኑ 400 ወይም 450 ቮልት የሚል ወፍራም ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) አለ። የግድግዳው 220 ቮልት ወደ ዲሲ ተቀይሮ እዚያ ሲደርስ 310 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ስፒናውን ነቅላችሁም ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ቻርጁን ሳታወርዱና በቴስተር ሳታረጋግጡ እጅ አይገባም። ይህን ማታውን ሙሉ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሰላም ጋሼ፣ ሞኒተሬ አልበራ አለ። ምን ይሆን?

መልስ፦ እንዲህ ከጠየቅከኝ ምንም ልልህ አልችልም ወንድሜ። የፊቷ መብራት ትበራለች? ብልጭ ድርግም ትላለች? ምስል መጥቶ ይጠፋል? ፊውዙን ለካኸው? ይህን ይዘህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ የእኔ ለዓመታት ሲሠራ ነበር። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሞቶ ተገኘ። የፊቷ መብራት ጭራሽ የለችም። ፊውዙ ደህና ነው፣ ያበጠ ካፓሲተርም አላየሁም። ኃይል በዝቶበት ተቃጥሎ ይሆን?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በደንብ ልመልሰው። መብራት መጥቶ አልነሳ ያለ ሞኒተር ሁሉ ተቃጠለ ይባላል። ኃይል በዝቶበት የሚሞት አለ፣ ግን ያ አብዛኛውን ጊዜ ፊውዙን ይዞ ነው የሚሄደው። ያንተ ፊውዝ ደህና ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ትንሹን ካፓሲተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦርዱን የሚያስተዳድረው አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ሥራ የሚጀምረው ከ310 ቮልቱ በትላልቅ ሬዚስተሮች በኩል በምትመጣ ጥቂት ከረንት ነው። ያቺ ከረንት አጠገቡ ያለውን ትንሽ ካፓሲተር ቀስ እያለች ትሞላለች። ብዙ ጊዜ 22 ወይም 47 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት ናት። ሞልታ የመነሻው ቮልት ላይ ስትደርስ አይሲው ይነሳል። ከዚያ ትራንስፎርመሩ ራሱ ኃይል መልሶ እስኪሰጠው ድረስ የሚኖረው ካፓሲተሯ በያዘችው ብቻ ነው። ካፓሲተሯ በሙቀት ከደረቀች ያቺን አጭር ጊዜ ማሻገር ያቅታታል። አይሲው ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። አንዳንዱ ቦርድ ቲክ ቲክ ይላል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል።

አሁን መብራት መጥፋቱን አስገባበት። ሞኒተርህ በቁልፉ ብታጠፋውም እስከተሰካ ድረስ ፓወር ቦርዱ ሥራ ላይ ነው። አንዴ ተነስቷልና ካፓሲተሯ ብትደርቅም ላያስታውቅ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ግን ቦርዱ ይቆማል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዜሮ መነሳት ይኖርበታል። ያኔ ያቅተዋል። መብራት መጥፋቱ ለወራት የቆየውን ድካም አወጣው እንጂ አልገደለውም።

ትንንሾቹ ካፓሲተሮች አናታቸው ላይ እንደ ትላልቆቹ የተቀረጸ መስመር ስለማይኖራቸው ሲበላሹ ብዙ ጊዜ አያብጡም። በዓይን አትታይህም። አውጥተህ ካፓሲተር በሚለካ ቴስተር ለካት። ሜትሩ ባይኖርህም ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ዝም ብለህ ቀይራት። ትልቁን ካፓሲተር ሳታወርድ ግን ቦርዱን አትንካ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ትልቁን እንዴት ነው የማወርደው?

አንድ አባል፦ በካቻቪቴ ሁለቱን እግሮች አገናኛቸው፣ አለቀ። እኛ ሁሌ እንደዚያ ነው።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ ለጀማሪ እንዲህ አይባልም። ትራኩ (ቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ መስመር) ሲነሳ አይቻለሁ።

አንድ አባል፦ በደንብ ከያዝከው ምንም አይልም። ዝም ብለህ አታስፈራራቸው።

መልስ፦ ቆዩ፣ በካቻቪቴ አይሆንም። ብልጭታው ዓይን ላይ ይፈናጠራል፣ ትራክ ያቃጥላል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል። ከ2 እስከ 10 ኪሎኦም የሆነ ባለ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ገመድ አስረህ ሁለቱ እግሮች ላይ ጥቂት ሰከንድ ያዝ። ሬዚስተር ካጣህ ሆልደር ላይ ያለ የድሮ 220 ቮልት አምፖልም ይሠራል። ስፒናው መነቀሉን እይ፣ እጅህ ብረት አይንካ። ከዚያ በዲሲ ቮልት ለካው። ወደ ዜሮ ካልወረደ ድገመው። ሳይለኩ ወርዷል ማለት የለም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ሦስት ካፓሲተሮች አናታቸው አብጧል፤ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ናቸው። መርካቶ ያገኘሁት ባለ 25 ቮልት ነው። ይሆናል?

አንድ አባል፦ ኧረ ተጠንቀቂ፣ 25 ቮልት ወደ ሞኒተሩ ገብቶ ሌላውን፣ የምስሉን ቦርድ ያቃጥላል!

መልስ፦ አይደለም፣ ሰው አታሳስቱ። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት የሚችለው ጣሪያ ነው፣ የሚያመነጨው አይደለም። እህቴ፣ 25 ይሆናል፣ እንዲያውም ይሻላል። ከ16 ግን አትውረጂ። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን። 105 ዲግሪ የሚል፣ ከተቻለም ሎው ኢኤስአር (የውስጥ ሬዚስታንሱ ትንሽ የሆነ) የሚባለውን ዓይነት ጠይቂ። እነዚህ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚሞሉና የሚራገፉ ናቸውና ተራው ቶሎ ያብጣል። ቁመቱንና ውፍረቱንም ለኪ፣ አለዚያ ክዳኑ አይገጥምልሽም። ካፓሲተሩ ጎን ላይ ነጩ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። ገልብጠሽ ብትበይጂው ይፈነዳል። ከመንቀልሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ስትጀምሪም መጀመሪያ ትልቁን...

የሐዋሳዋ፦ አውርጄ እለካለሁ፣ ገባኝ ጋሼ።

መልስ፦ ጎበዝ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ለእናቴ ከዚህ ሞኒተር ልልክላቸው ነው። እዚህ 110 ነው፣ እዚያ ይቃጠላል?

መልስ፦ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። 100-240 ካለ ያለ ምንም መቀየሪያ ይሠራል። የስፒናው ቅርጽ ብቻ ነው የሚለየው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ቻርጅ አልይዝ አለኝ።

መልስ፦ ዛሬ ሞኒተር ብቻ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ የእኔ ምስል ሁለት ሰከንድ ያህል ያሳይና ይጨልማል። የፊቷ መብራት ግን እንደበራች ናት። ፓወር ቦርድ ነው?

መልስ፦ ክፍሉን አጨልመህ ስክሪኑ ላይ የእጅ ባትሪ አብራ። ምስሉ ደብዝዞ ከታየህ የሞተው የኋላ መብራቱ ነው። በድሮዎቹ ባለ ቱቦ ሞኒተሮች አንድ ቱቦ ሲደክም ኢንቨርተሩ (ቱቦዎቹን የሚያበራው ክፍል) ራሱን ለመጠበቅ ሁሉንም ያጠፋል። ያበጡ ካፓሲተሮችም ይህንኑ ያመጣሉ፣ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን እይ። የኢንቨርተሩን መውጫ በተራ ቴስተር እንዳትለካ፤ ከብዙ መቶ እስከ ከሺህ በላይ የሚደርስ ቮልት አለው።

አንድ አባል፦ ለዚህ ሁሉ ድካም ያገለገለ ገዝቶ መገላገል አይሻልም?

ሌላ አባል፦ ያገለገለውም እኮ ያው ካፓሲተር ነው ያለው። ነገ አንተም እዚሁ ትመጣለህ።

አንድ አባል፦ ቢያንስ ሰው አይሞትም።

መልስ፦ መግዛት የፈለገ ይግዛ። የመጨረሻው ነጥብ ግን ትክክል ነው። ስለ ደህንነቱ ያልተማመነ ሰው ክዳኑን ባይከፍት ይሻላል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የእኔም አይበራም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለአዳማው የመለስኩትን ከላይ አንብብ። ሁለተኛ አልጽፈውም።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ፊውዙ ተበጥሷል፣ ብርጭቆው ውስጡ ጠቁሯል። ለጊዜው በሽቦ ባያይዘውስ?

መልስ፦ በፍጹም! የጠቆረ ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከኋላው ሾርት (መገናኘት የሌለበት ነገር ተገናኝቶ) አለ ማለት ነው። ሽቦ ካደረግክ የሚቃጠለው ሌላው ቦርድ ወይም ቤትህ ነው። ትልቁን ካፓሲተር አውርድ፣ ለካ። ከዚያ ቴስተሩን ጢጥ በሚልበት ላይ አድርገህ አራቱን ዳዮዶች (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ)፣ ሂትሲንኩ (ማቀዝቀዣ ብረቱ) ላይ የታሰረውን ሞስፌት (ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ትራንዚስተር) እና መግቢያው አጠገብ ያለውን ክብ ቫሪስተር (ከልክ ያለፈ ቮልት የሚይዝ) በየተራ እይ። በሁለቱም አቅጣጫ ጢጥ የሚልህ እሱ ሾርት ነው። ሞስፌቱ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይሲውንም ይዞ ስለሚሞት አብረህ ቀይር። ፊውዙንም በዚያው መጠን ተካ፤ ቦርዱ ላይ ተጽፏል።

የጅማው፦ እሺ ጋሼ። ከቀየርኩ በኋላ ቀጥታ ልሰካው?

መልስ፦ አትሰካ። 60 ዋት የድሮ አምፖል በአንዱ ገመድ ላይ በተከታታይ አስገባ። ስትሰካው አምፖሉ አንዴ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ወይም በጣም ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ሾርቱ አልወጣምና ንቀል፣ አውርድ፣ እንደገና ለካ። ደህና ከሆነ ወደ ሌላው ቦርድ በሚሄደው ማገናኛ ላይ 5 ቮልቱን ፈልግ። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ከትራንስፎርመሩ ወዲህ፣ የመውጫው ወገን ግራውንድ ላይ አድርግ። በመግቢያው ወገን ግራውንድ ከለካህ ቁጥሩ ያሳስትሃል፣ አደገኛም ነው። አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን፣ ሰውም አጠገብህ ይኑር። ደግሞ ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ ውስጡ ክር የሚታየውን ፈልግ።