የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለሌለች ደሴት ፈጣን ባቡር እንዴት ይዘረጋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ከታናሽ እህቴ ጋር በሀሳባችን አንድ የደሴት ሀገር ፈጥረን ካርታዋን እየሳልን ነው፣ ስሟን ዘልማ ብለናታል። ከምስራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ 420 ኪሎ ሜትር ናት፣ ዋና ከተማዋ ምስራቅ፣ ወደቧ ምዕራብ፣ መሀሏ ላይ እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ገደል አለ፣ እሳተ ገሞራም አላት። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር መሀሏን ሰንጥቆ 14 ከተሞች ላይ እየቆመ ቢሄድ ብለን ነበር፣ አባታችን ግን አይሆንም አለ፣ ለምን እንደማይሆን ግን አላስረዳንም። እህቴ ደግሞ መሬት ሲንቀጠቀጥ ባቡሩ ምን ይሆናል ትላለች። ጎጃም እንኳን ፈጣኑ ዘገምተኛውም ባቡር ስለሌለ ሄደን የምናየው ነገር የለም፣ እባክዎ ያስረዱን።

መልስ፦ ደብዳቤያችሁን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አባትህ በፍጥነቱና በመስመሩ ልክ ነው፣ በጣቢያው ግን እናንተ ናችሁ ልክ፣ እሱን ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ 500ውን ተዉት። ፈረንሳዮች በ2007 እ.ኤ.አ. በሙከራ 574.8 ኪሎ ሜትር አድርሰውታል፣ ግን ያ ለአንድ ቀን ተብሎ የተዘጋጀ ባቡር ነው፣ በየቀኑ ሰው ጭነው በሀዲድ ላይ ከሚሮጡት ፈጣን የሚባሉት የቻይናዎቹና የኢንዶኔዥያው 350 ናቸው። ለዘልማ 300 ይበቃታል። 300 ስትል ራሱ በሰከንድ 83 ሜትር ማለት እኮ ነው፣ ሹፌሩ ዳር ላይ የቆመ መብራት አይቶ ልቁም ቢል አይደርስም፣ ለመቆም ብቻ ሶስት አራት ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፣ ለዛ ነው ምልክቱ ሁሉ እፊቱ ስክሪን ላይ የሚመጣለት። መንገድና ሀዲድ የሚገናኙበት ቦታም አይኖርም፣ ሰውም ከብትም ወይ በላይ ወይ በታች ነው የሚሻገረው፣ ይሄንን ካርታው ላይ እንዳትረሱ።

አሁን ዋናው ነገር መስመሩ ነው። ብዙ ሰው ፈጣን ባቡር ሲባል የሚያየው ሞተሩንና ሹል አፍንጫውን ነው፣ እኔ ግን ካርታ የሚስል ሰው ከሁሉ በፊት ኩርባውን ይይ ባይ ነኝ። ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርገው ኩርባው አራት እጥፍ መስፋት አለበት። ጃፓኖች በ1964 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኦሳካን መስመር ሲከፍቱ ባቡሩ 210 ነበር የሚሄደው፣ ጠባቡ ኩርባ 2,500 ሜትር ሬዲየስ ነበረው፣ ቀጥሎ የሰሩትን መስመር ግን ወደ 4,000 ነው ያሰፉት። 4,000 ሜትር እንዲገባህ ማርቆስ መሀል ላይ ቆመህ አራት ኪሎ ሜትር ገመድ ይዘህ ዙሪያውን ብትዞር ከተማውን አልፈህ የገበሬው ማሳ ውስጥ ትገባለህ፣ አንድ ኩርባ ይሄን ያህላል። ስለዚህ በየተራራው እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር ፈጣን ባቡር አይሸከምም።

ገደሉን በተመለከተ እኔ ደጀን ነው ያደኩት፣ ስለዚህ በደንብ ላስረዳህ። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው፣ መኪናው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ይወርደዋል። ፈጣን ባቡር ቁልቁለት ይችላል ከሚባሉት የፓሪስ ሊዮን መስመር በየ1,000 ሜትሩ 35 ሜትር ይወርዳል፣ ቶኪዮ ኦሳካ ደግሞ አብዛኛው ከ15 አይበልጥም። በ35ቱ ብታሰላው ለመውረድ ብቻ 37 ኪሎ ሜትር፣ ለመውጣት ሌላ እንደዛው፣ በ15 ከሆነማ ለመውረዱ ብቻ ከ85 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያውም በእነዛ ሰፋፊ ኩርባዎች! ስለዚህ ወይ ከላይ በረጅም ድልድይ ተሻገሩት፣ ወይ ደግሞ እኔ የምመርጠው፣ መስመሩን ወደ ባህሩ ዳር አውጡት፣ ወንዙ ባህር ሲቃረብ ገደሉም ዝቅ ይላል። ታይዋንን እዩ፣ እንደ እናንተዋ መሀሏ ተራራ የሆነ ደሴት ናት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ተራራውን ትቶ ሰው በሚኖርበት በምዕራቡ ሜዳ ነው የሚሄደው፣ በ300። የዘልማ ሰውም ዳር ዳሩን የሚኖር ከሆነ መሀሉን ሰንጥቆ ማንን ሊጭን ነው?

ጣቢያው ላይ ደግሞ 14ቱም ይቆዩ። ቶኪዮ ኦሳካ 515 ኪሎ ሜትር ላይ 17 ጣቢያ አለው፣ በአማካይ በየ32 ኪሎ ሜትሩ ማለት ነው፣ የናንተም ስታካፍሉት እዛው 32 ይመጣል። ዘዴው ሁሉም ባቡር ሁሉም ጋ አለመቆሙ ነው። ኖዞሚ የሚባለው ትልልቅ ከተሞች ላይ ብቻ ቆሞ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል፣ ኮዳማ የሚባለው ሁሉም ጋ ይቆምና ወደ አራት ሰዓት ይወስድበታል። ኮዳማው ትንሽ ከተማ ሲደርስ ወደ ጎን ሀዲድ ይገባና ሰው እያወረደ እያሳፈረ ይጠብቃል፣ ኖዞሚው በመሀለኛው ሀዲድ ሽው ብሎ ያልፈዋል፣ ከዛ ነው ኮዳማው የሚከተለው። ስለዚህ ትንንሾቹ ከተሞች ላይ አራት ሀዲድ ሳሉ፣ ሁለቱ ለሚያልፈው ሁለቱ ለሚቆመው፣ የትንሽ ከተማ ሰውም ባቡር አያጣም።

የዘልማን ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ ገንዘቡንም አትርሱ። የቶኪዮ ኦሳካ ወጪ መጀመሪያ ከተባለው ወደ እጥፍ ነው የተጠጋው፣ ከዓለም ባንክም 80 ሚሊዮን ዶላር ተበድረውለታል። ሰው ሁሉ የባቡር ዘመን አለፈ ሲል የተሟገቱለት የባቡሩ ድርጅት ኃላፊ ሺንጂ ሶጎና ዋና ኢንጂነሩ ሂዴዎ ሺማ መስመሩ ሳይመረቅ በፊት ነው ስራቸውን የለቀቁት፣ እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ባቡር ለማየት ደግሞ አዲስ አበባ ስትሄዱ ለቡ ጣቢያ ጎራ በሉ፣ የጅቡቲው ባቡር ፈጣን የሚባለው ውስጥ ባይገባም በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ የሀዲዱ ስፋትም 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ልክ እንደ ጃፓኑ ፈጣን ባቡር ነው።

ለእህትህ፦ መሬት ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ የሚደርሰው ደካማው ሞገድ ነው፣ የሚጎዳው ከኋላ ነው የሚመጣው። ጃፓኖች ባህሩ ዳርና መስመሩ ላይ መለኪያ ተክለዋል፣ መለኪያው የመጀመሪያውን ሲሰማ ሰው ሳይነካው ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፣ ባቡሮቹም ራሳቸው ፍሬን ይይዛሉ። በ2004 እ.ኤ.አ. ኒጋታ በሚባለው የጃፓን አካባቢ መንቀጥቀጡ በጣም ቅርብ ስለነበር አንድ ባቡር ከሀዲዱ ወጥቷል፣ ግን ባቡሩ ውስጥ የሞተ ሰው የለም። ስለዚህ የዘልማ ካርታ ላይ መለኪያዎቹን በትንንሽ ነጥብ ታስቀምጣቸው፣ ባህሩን ዳር ዳሩን፣ እሳተ ገሞራው አጠገብ ደግሞ ጠጋ ጠጋ አድርጋ።