ብርድ ያልነው የአባቴ እግር

«የ64 ዓመት አባቴ ስኳር አለባቸው። ከሰኞ ገበያ ወደ ቤት ሲመለሱ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል። ሰው ሁሉ ብርድ ነው ይላል። ዘመዶች ደግሞ የደም ስር ቀዶ ሐኪም ጋ ከወሰዳችኋቸው እግራቸውን ይቆርጧቸዋል አሉን። ምን ይሻለናል?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን አባት ያየሁ መሰለኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን አባቴን ይዤ ሁለት ዓመት ተንከራትቻለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

አባቴ በደጉ ጊዜ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። ሌሊቱን በሲጋራና በሻይ ነው የሚገፉት። መኪናውን ሲተዉ ሲጋራው አልተዋቸውም። ኋላ ስኳር መጣ። ከዚያ ይሄ አንቺ የምትዪው የባት ህመም።

መጀመሪያ ደብቀውን ነበር። እዚህ ደሴ ከፒያሳ ወደ ቤታችን ዳገት ነው። ባታቸውን ሲይዛቸው ቆም ብለው ያገኙትን ሰው ሰላም ይላሉ። የእኛ አገር ሰላምታ ደግሞ መቼ ባጭሩ ያልቃል? ቤተሰቡ ደህና፣ ሰፈሩ ደህና፣ አገሩ ደህና ሲባባሉ ህመሙ ይለቃቸዋል። ደግሞ ይነሳሉ። እኛ ሰው ወዳድነታቸው ነው የመሰለን። አንድ ቀን አብሬያቸው ስሄድ ሰው በሌለበት፣ የመብራት ምሰሶ ተደግፈው ቆሙ። ቀጥሎም በሚቀጥለው ምሰሶ። ያኔ ነው የነቃሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርድበት ቧንቧ፣ ደም ቅዳ የሚባለው፣ ግድግዳው ላይ ስብና ካልሲየም እየተጋገረበት ይጠባል። ቁጭ ሲሉ የሚደርሰው ደም ይበቃል። ሲሄዱ ግን ባት ብዙ ደም ይፈልጋል፤ ቧንቧው አይችልም፤ ጡንቻው ይጮሃል። ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል። ይሄ ቆም ማለት ብቻውን መብቃቱ ትልቅ ምልክት ነው። ከወገብ ነርቭ የሚመጣ ህመም ብዙ ጊዜ ቁጭ ካላሉ ወይም ጎንበስ ካላሉ አይለቅም። ሪህ ደግሞ መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ ቁጭ ብለውም ያማል። አባትሽን ይሄን አጥብቀሽ ጠይቂያቸው።

አሁን የሚቆጨኝን ልንገርሽ። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ታውቂዋለሽ። እናቴ «ብርድ ነው» ብላ ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥላ እግራቸውን ታሞቅላቸው ነበር። እኔም ቅባት እየገዛሁ አሸው ነበር። ስኳር የእግር ስሜትን ያደነዝዛል፤ ይሄን አላወቅንም። አንድ ማታ ትንሿ ጣታቸው ተቃጠለች። እሳቸው አልተሰማቸውም። ጠዋት ካልሲያቸውን ሳወልቅ ቆዳው ተላጦ አየሁ። እባክሽ ከሰልም፣ የሞቀ ውሃ ጎማም፣ ፍል ውሃም እግራቸው አጠገብ እንዳይደርስ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል።

ቁስሉ አልድን አለ። ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ሰባት ሳምንት ሙሉ እያጠበ በፋሻ አሰረልን፣ መርፌም ወጋልን። በሰባት ሳምንት ውስጥ አንድም ሰው እግራቸው ላይ የደም ስር ምት አለ የለም ብሎ አልዳሰሰም። ደም የማይደርሰው ቁስል ምንም ቢያጥቡት አይድንም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ሌሊቱ መጣ። አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ መብራት ሳበራ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ወደ ታች አንጠልጥለዋል። የተንጠለጠለው እግር ቀልቷል። «ከፍ ሳደርገው ያቃጥለኛል፣ ሳወርደው ይሻለኛል» አሉኝ። ከፍ አድርጌ ስይዘው ደግሞ እንደ ወረቀት ነጣ። ደሙ ወደ ታች በስበት ካልሆነ አልደርስ ብሎ ነው። እዚህ ከደረሰ ቀን መቁጠር የለም፤ እግሩ አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። አባትሽ እዚህ አልደረሱም፤ ተመስገን በይ።

በማግስቱ ያገኘነው አንድ ወጣት ሐኪም ሁለት ጣቱን ከቁርጭምጭሚታቸው ጀርባ በውስጥ በኩል አሳረፈ። ዝም አለ። ቀጥሎ የእግራቸው ጀርባ ላይ። ቀና ብሎ «ምት የለም» አለኝ። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አሰረ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሰረና በትንሽ ዶፕለር፣ የደምን ፍሰት በድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ፣ አዳመጠ። ክንዳቸው 150፣ ቁርጭምጭሚታቸው 60። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍዪ 0.4 ነው። ጤነኛ እግር ከ1.0 እስከ 1.4 ይመጣል፤ 0.9 እና ከዚያ በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል። አሥር ደቂቃ ብዙም የማይፈጅ፣ መርፌ የሌለው ምርመራ ነው። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ስኳር ያለበት ሰው የደም ስሩ ስለሚደነድን መለኪያው በደንብ ላይጨብጠው ይችላል። ቁጥሩ ከ1.4 በላይ ወይም ደህና መስሎ ከመጣና ምልክቱ ካለ፣ «የእግር ጣት ግፊት ወይም የዶፕለር አልትራሳውንድ ይታይላቸው» በይ።

ወደ ፍርሃታችሁ ልምጣ። እኛም ቤት ይሄው ወሬ ነበር። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የደም ስር ቀዶ ሐኪም ድካሙ ሁሉ እግር እንዳይቆረጥ ነው። በ1964 አሜሪካ ኦሬገን ውስጥ ቻርልስ ዶተር የሚባል የራዲዮሎጂ ሐኪም፣ እግሬን አላስቆርጥም ያሉ የ82 ዓመት እናትን የጠበበ የጭን ደም ስር በቀጭን ቱቦ ከውስጥ ከፈተላቸው። እግሩም ተረፈ። የዛሬው ባሉን (ጠባቡን ደም ስር ከውስጥ የሚነፋ ፊኛ) እና ስቴንት (ክፍት አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ከዚያ የመጣ ነው። ባይፓስ፣ የተዘጋውን ዘልሎ ደም የሚያሻግር ቀዶ ሕክምና፣ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ በ1948 ዣን ኩንላን የሚባል ሐኪም ፓሪስ ውስጥ የታማሚን የራሱን ደም መልስ፣ ማለትም ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ደም ስር፣ ለእግር ማሻገሪያ ተጠቅሟል።

አዲስ አበባ የሄድን ጊዜ እኛንም ያስጨነቀን ይሄ ምርጫ ነበር፤ ባሉን ወይስ ባይፓስ? የአባቴ ቀዶ ሐኪም ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፤ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ቦስተን ያሉት የደም ስር ቀዶ ሐኪሞች አሊክ ፋርበርና ማቲው ሜናርድ የመሩት ቤስት ሲኤልአይ የሚባል ጥናት በ2022 ወጥቷል። እንደ አባቴ እግራቸው አደጋ ላይ የወደቀ 1,830 ሰዎች ናቸው የታዩት። ረጅሙ የእግር ደም መልሳቸው ጤነኛ ከሆነላቸው መካከል፣ መጀመሪያ ባይፓስ ከተሠራላቸው 42.6 በመቶው ከባድ የእግር ችግር ወይም ሞት ደረሰባቸው። በባሉን መንገድ ከጀመሩት ግን 57.4 በመቶው። ልዩነቱ የመጣው በዋናነት ድጋሚ ሕክምናና መቆረጥ ስለቀነሰ ነው። ጥሩ ደም መልስ የሌላቸው ላይ ግን ሁለቱ መንገዶች ብዙም አልተለያዩም። በቀጣዩ ዓመት ባዝል ሁለት የሚባለው የእንግሊዞች ጥናት መጣ፤ 345 ሰው፣ ከጉልበት በታች መዘጋት ያለባቸው። እዚያ ደግሞ ባሉን የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ግራ ገባኝ። «ታዲያ የትኛው ነው ትክክል?» አልኳቸው። «የተዘጋው የት ነው? ደም መልሳቸውስ እንዴት ነው? መልሱ እዚያ ላይ ነው» አሉኝና አባቴን ወደ አልትራሳውንድ ላኳቸው። መዘጋቱ ጭን ላይ ነው፤ ከጉልበት በታች ያለው ደም ስር ክፍት ነው፤ ደም መልሳቸው ከ3 ሚሊሜትር በላይ ስፋት አለው። ባይፓስ ተወሰነ። ደም መልስ ውስጥ ደም ወደ ልብ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ ትናንሽ በሮች አሉ። ስለዚህ አውጥተው ገልብጠው ሰፉት፤ ታችኛው ጫፍ ወደ ላይ። ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

እግሩ ተረፈ። ትንሿ ጣት ግን አልተረፈችም። የሰባቱ ሳምንት ዋጋ እሷ ናት።

አባትሽ ያሉበት ደረጃ ግን ሌላ ነው። ቁስል ከሌለ፣ ሌሊት ካላመማቸው፣ ቀዶ ሐኪሙም ምናልባት ቢላ አያነሳም። መድኃኒትና እርምጃ ነው የሚያዙላቸው። የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ደም እንዳይረጋ እንደ አስፒሪን ያለ፣ ስኳርና ግፊትን መቆጣጠር። ሲጋራ ካለ ዛሬውኑ ማቆም። ምክንያቱም እግራቸው ላይ የጠበበው ደም ስር ልብና አንጎል ላይም ሊኖር ይችላል፤ ከእግሩ ይልቅ እነዚያ ናቸው ሕይወት የሚያጠፉት። አስፒሪንን ግን በራሳችሁ እንዳትጀምሩ፤ ጨጓራ ካላቸው ደም ሊያፈስ ይችላል።

እርምጃው እንዲህ ነው። ህመሙ ጠንከር እስኪል ይሄዳሉ፣ ቆመው ያርፋሉ፣ ሲለቃቸው ይቀጥላሉ። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ከ30 ደቂቃ ጀምሮ እስከ አንድ ሰዓት፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ባታቸውን መያዙ እግሩን አይጎዳውም። ደሴ ዳገቷ ስለሚያስቸግር እኛ አባቴን፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት አሳረፍናቸው። ሜዳ አለ፣ ሙቀቱም ደህና ነው፣ ከሰል የሚያስናፍቅ የለም። ሁሌ አንድ መንገድ ይሂዱ፤ አለዚያ ተሻላቸው አልተሻላቸውም ማወቅ አትችይም። አባቴ ሲጀምሩ ቦርከና ድልድይ ሳይደርሱ ሁለቴ ይቆሙ ነበር። በሦስተኛው ወር ሳይቆሙ ደረሱ።

ሰዓት እንኳ የማይሰጥ አንድ ነገር ደግሞ አለ። እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘ ወይም አልንቀሳቀስ ካለ፣ ያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ከጀመረው ስድስት ሰዓት ያህል ካለፈ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። ልባቸው በሥርዓት የማይመታ ሰዎች ላይ ከልብ የተነሳ የረጋ ደም እንዲህ ያደርጋል። ብርድ ነው፣ ይነጋል ብለሽ እንዳታሳድሪያቸው።

ነገ ስትወስጃቸው ካልሲያቸውን አስወልቂና «የእግራቸውን ምት ዳስሱልኝ፣ የቁርጭምጭሚታቸውን ግፊት ለኩልኝ» በይ። አትፈሪ፣ መብታችሁ ነው። በሁለቱም እግር ይለካ። ቁጥሮቹን ጽፈሽ ያዢና እዚሁ ላኪልኝ፤ ስትመለሱ ስልክ እጄ ላይ ይሆናል።