ደሴት ከመግባታችሁ በፊት በየካቲት ሂዱና እዩት

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወጣት ባልና ሚስት ቤቴ መጡ። የምኖረው አቴንስ፣ ኪፕሴሊ የሚባለው ሰፈር ነው። ቡና እየጠጣን ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ባሕር፣ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን። ከሥሩ «ደሴቱ ለሚመጣ ቤተሰብ ገንዘብ ይከፍላል» ይላል። እነሱም የሁለት ዓመት ልጅ አለቻቸው። «እትዬ፣ እርስዎ ደሴት ላይ ኖረዋል። እንሂድ ወይስ ይቅርብን?» አሉኝ። ያን ቀን በቅጡ አልመለስኩላቸውም። ተመሳሳይ ሐሳብ የያዛችሁ ሌሎችም ስለማትጠፉ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አቴንስ የመጣሁት በ1980ዎቹ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራሁ። ቋንቋውን ለመድኩ፣ ነርስነት ተማርኩ፣ ቆይቶም ዜግነት አገኘሁ። በ1999 ካስተሎሪዞ ደሴት ላይ ሥራ ሲገኝ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ሴቷ 7 ዓመቷ ነበር፣ ወንዱ 3። እዚያ እስከ 2016 ቆየን።

ካስተሎሪዞን ካርታ ላይ ፈልጓት። ሰው ከሚኖርባቸው የግሪክ ደሴቶች ወደ ምሥራቅ ጥግ ያለችው እሷ ናት። ስፋቷ 9 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ነዋሪዋ 500 ሰው አካባቢ ነው። ከአቴንስ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከቱርክ ጠረፍ ግን 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ማታ ማታ ከበራችን ላይ የካሽ ከተማ መብራት ይታየን ነበር። ቅርብ የሚባለው የግሪክ ሆስፒታል ሮድስ የሚባለው ትልቅ ደሴት ላይ ነው። እሱም 120 ኪሎ ሜትር ባሕር ተሻግሮ።

እቅጩን ልንገራችሁ። በበጋ የምትጎበኟት ደሴትና በብርድ የምትኖሩባት ደሴት አንድ አይደሉም። የዚያ አገር ወቅት ከእኛ የተገላቢጦሽ ነው፤ በጋው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሞቃትና ደረቅ፣ ዝናቡ ከብርዱ ጋር የሚመጣ። በነሐሴ ወደቡ ዳር መቀመጫ አይገኝም። ኅዳር ሲገባ ምግብ ቤቶቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ከአውስትራሊያ ለዕረፍት የመጡት የልጅ ልጆችም ይመለሳሉ። መርከብ በሳምንት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ብትመጣ ነው፤ ነፋስ ካለ እሱም የለም። ቲማቲም ያልቃል፣ ወተት ያልቃል። ሰው ጠረጴዛ ከቦ ያንኑ ወሬ ደግሞ ደጋግሞ ያወራል።

እዚያ ያሉ ሽማግሌዎች አዲስ ሰው ሲመጣ ዝም ብለው ነው የሚያዩት። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር። ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። ደሴቷ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። ብዙው ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ፐርዝና ሲድኒ ተሰደደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943፣ እንግሊዞች የቀረውን ሕዝብ አውጥተው ወደ ቆጵሮስ፣ ከዚያም ወደ ጋዛ ወሰዱት። በ1944 ቤቶቹ ተቃጠሉ። በ1945 ወደ አገራቸው የሚመለሱትን የጫነችው ኤምፓየር ፓትሮል የምትባል መርከብ ባሕር ላይ እሳት ተነሳባትና 33 ሰዎች ሞቱ። የተረፉት ተመልሰው ያገኙት ፍርስራሽ ነው። ብዙዎቹም እንደገና ሄዱ። እንግዲህ ሲሸኝ የኖረ ሰው አዲስ ፊት ሲያይ «ይሄስ መቼ ይሆን የሚሄደው?» ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? እናንተም ስትሄዱ እንደዚያ ትታያላችሁ። ቂም አትያዙ። አንድ ብርድ ወራት አብራችኋቸው ስትከርሙ ሰላምታው ራሱ ይለወጣል።

የእኛ የተለወጠው በአንድ ሌሊት ነው።

በ2000 መጀመሪያ፣ በመጀመሪያው ብርዳችን፣ ትንሹ ልጄ ሌሊት ትንፋሽ አጠረው። አስም እንዳለበት እናውቃለን። እንዲያ ሆኖ ግን አያውቅም። አባቱ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጤና ጣቢያ ድረስ ተሸክሞት ሮጠ። ሐኪሙ «አግሮቲኮ» የሚባለውን አገልግሎት የሚሰጥ ወጣት ነበር። ግሪክ ውስጥ አዲስ የተመረቀ ሐኪም አንድ ዓመት ገጠር ወይም ደሴት ሄዶ ያገለግላል። ለልጄ ኦክስጅን አደረግንለት። በጭምብል የሚሳበውን መድኃኒት ሰጠነው። መርፌውን እኔ ወጋሁት፤ እጄ ያልተንቀጠቀጠው እስክጨርስ ብቻ ነው። ሮድስ ደወልን። ነፋሱ በነፋስ መለኪያው 9 ቦፎር ደርሷል፣ መርከብ ታግዷል፣ ሄሊኮፕተርም መነሳት አይችልም አሉን። እገዳውን ደሴተኞቹ «አፓጎረፍቲኮ» ይሉታል። እዚያ ብትኖሩ ቶሎ ከምትለምዷቸው ቃላት አንዱ ይሄ ነው።

ስድስት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ የረዘመ ሌሊት አላውቅም። ጎረቤቶቻችን በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው መጡ። አንዷ ሻይ አፍልታ አመጣች። ሁለት ዓሣ አጥማጆች ነፋሱ ትንሽ ጋብ ካለ በራሳቸው ጀልባ ሊወስዱን በሩ ላይ ቆመው አደሩ። ሲነጋጋ ነፋሱ ወረደ፣ ሄሊኮፕተሩም መጣ። ልጄ ዳነ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል።

ከዚያ ሌሊት በፊት መርፌ በእኔ እጅ መወጋት የማይፈልጉ ነበሩ። ጥቁር ነርስ አይተው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቴ ድረስ እየመጡ «ግፊቴን ለኪልኝ» ይሉኝ ጀመር።

ይህ መልካም ታሪክ ነው፤ እኔ ግን የምነግራችሁ እንድትጠነቀቁ ነው። ልጃችሁ ብርቱ አስም ካለበት፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት፣ ሆስፒታል የሌለው ደሴት አትሂዱ። እኔ ነርስ ሆኜ ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ ካሰባችሁም እወቁት። በትናንሽ ደሴቶች ላይ ማዋለጃ ክፍል የለም። ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሳይደርስ ሳምንታት ቀድማ ወደ ሮድስ ወይም ወደ አቴንስ ትሄዳለች። እዚያ የሚያስጠጋ ዘመድ ወይም የኪራይ ገንዘብ፣ ደሴቱ ላይ ደግሞ ትልቁን ልጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። በ2019 ገደማ በዓለም ሁሉ የተወራው አንቲኪቲራ ስለምትባል ደሴት ነበር። የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ለሚሰፍሩ ጥቂት ቤተሰቦች በወር 500 ዩሮ ለሦስት ዓመት እንደሚሰጥ ተነገረ። የሚፈለጉት ግን እንደ ዳቦ ጋጋሪ፣ ግንበኛና ዓሣ አጥማጅ ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። የጣልያኗ ሰርዲኒያም በ2022 ከ3,000 ሰው በታች ባላቸው ከተሞችና መንደሮች ቤት ገዝቶ ወይም አድሶ ለሚኖር እስከ 15,000 ዩሮ እሰጣለሁ አለች፤ ከወጪው ግማሽ ሳይበልጥ። ግማሹን ማን ይሸፍናል? ይህን ቪዲዮው አይናገርም። ደግሞ ወረቀት የሌለው ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተውም። በአንድ የአውሮፓ አገር ጥገኝነት ያገኘ ሰውም ተነስቶ ሌላው ውስጥ ገብቶ መሥራት አይችልም። ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ሕጋዊ ጠበቃ ጠይቁ።

ባሕሩን ካነሳሁ አንድ ነገር ልበል። በ2015 ከቱርክ በጎማ ጀልባ የሚሻገሩ ሰዎችን እርጥብ ልብስ አውልቄ ደረቅ አልብሻለሁ። ያችን 2 ኪሎ ሜትር። አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ እኔ ደሴት ሂዱ ስል በዚያ መንገድ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እባካችሁ።

አሁን ወደ ቤት ጉዳይ ልለፍ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እሱ ላይ ነው። የመጀመሪያው አከራያችን በመስከረም በደስታ አስገባን። ግንቦት ላይ «ሰኔ ሲገባ ልቀቁ፣ ለቱሪስት ላከራየው ነው» አለን። ሁለት ልጅና ዕቃችንን ይዘን ሦስት ወር ሰው ቤት ተጠግተን ከረምን። መምህራንና ሐኪሞችም ይህ ይደርስባቸዋል። ስለዚህ የ12 ወር ውል በጽሑፍ ካልያዛችሁ አትግቡ። ቤቱን ስታዩ ደግሞ የውኃ ጉድጓዱን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። እዚያ የዝናብ ውኃ ከጣራና ከግቢ ተሰብስቦ ከቤት ሥር ይጠራቀማል። በእኛ ጊዜ በበጋ ውኃ ከሮድስ በመርከብ ይመጣ ነበር። ልጅ አጥቦ፣ ልብስ አጥቦ፣ የቀረውን ለአበባ ማጠጣት የለመድኩት ያኔ ነው።

ሥራስ? ባለቤቴ ኤሌክትሪሻን ነው። እኔ ነኝ በደመወዝ የሄድኩት፤ እሱ ያለ ሥራ ነው የተከተለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ጠገነ። በሁለተኛው የጀልባ ሞተር አመጡለት፤ እሱንም ቀስ በቀስ ቻለበት። ያኔ የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጆርጅ ፓፓንድሬው ኤፕሪል 23 ቀን 2010 እዚያው ወደባችን ዳር፣ ባሕሩን ከጀርባቸው አድርገው፣ አገሪቱ የአውሮፓንና የዓለም አቀፉን የገንዘብ ድርጅት (የአይኤምኤፍን) ገንዘብ እንደምትጠይቅ ሲያውጁ ከጤና ጣቢያው ወጥቼ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲቀነስ ቤታችንን ያቆመው የእሱ እጅ ነው። በእጁ የሚሠራ ሰው እዚያ ይፈለጋል። በኢንተርኔት እሠራለሁ የምትሉም ትኖሩ ይሆናል። ይሆናል፣ ግን ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቢያንስ ለደሴቱ ሰው የሚጠቅም ሙያ ይኑራችሁ። አለበለዚያ ሁሌም እንግዳ ናችሁ።

ትዳራቸው እንዲጠገን ብለው የመጡ የአቴንስ ባልና ሚስት አውቃለሁ። በግንቦት መጡ፣ እንደ ሙሽራ ነበሩ። በየካቲት በተለያየ መርከብ ሄዱ። ጠባብ ቦታ ላይ ጠብ መውጫ የለውም። የምትበርዱበት ጓደኛ ቤት የለም፣ ተሳፍራችሁ የምትዞሩበት አውቶቡስ የለም። እየተጣላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ያላችሁበት ቦታ ታረቁ።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝ። ልጄ ከትንሽነቷ ጀምሮ ደሴቷን ወደደች። በክፍሏ ከእሷ ሌላ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ አስተማሪው እንደ አስጠኚ ነበር። በቅዱስ ኤልያስ ዋዜማ፣ በሐምሌ፣ የደሴቱ ሰው ከነልብሱ ወደብ ውስጥ ይዘላል፤ እሷ ቀድማ ነበር የምትዘለው። 15 ሲሞላት ግን ዝም አለች። አንድ ቀን «እማ፣ እዚህ እኔን የምትመስል አንድ ሰው እንኳ የለችም» አለችኝ። በግሪክኛ ነው ያለችኝ። አማርኛዋ ጠፍቶ ነበር። እኔ ማታ ደክሞኝ ስገባ በቀለለኝ ቋንቋ ነበር የማናግራቸው፤ የትኛው እንደቀለለኝ ራሴም አላስተዋልኩም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት አቴንስ አክስቷ ዘንድ ሆና ተማረች። የሐበሻ ጓደኛም አማርኛም እዚያ አገኘች። ቂም የለባትም። እኔ ግን ስታለቅስ ያላየኋቸውን ሌሊቶች አስባለሁ። ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ልጁ 12 ወይም 13 ሲሆን የት እንደምትሆኑ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ቤት ውስጥ ደግሞ አማርኛ አውሩ፤ ደክሟችሁም ቢሆን።

በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሁሉ ያስቻለችኝ ጎረቤቴ ናት። ነፍሷን ይማርና፣ ያኔ ሰባ ዓመት አልፏታል። ከየት እንደሆንኩ ጠይቃ «ኢትዮጵያ» ስላት አልገባትም። «አቢሲኒያ» ስላት ተነስታ አቀፈችኝ። ጣልያን ደሴቷን ከ1921 እስከ 1943 ገዝቷታል። በ1936 ገዥ ሆኖ የመጣው ደ ቬኪ የተባለ ጣልያናዊ በትምህርት ቤት በግሪክኛ ፋንታ ጣልያንኛ አስገባ። ልጅ ሳለች ወታደሮች ወደ እኛ አገር ሲዘምቱ አስዘምረዋታል። እኔ ደግሞ የአርበኛ የልጅ ልጅ ነኝ። ያን ቀን እስኪመሽ አወራን። ፋሲካችን ከእነሱ ጋር በአንድ እሑድ ይውላል፤ በየዓመቱ እሷ ቀይ እንቁላል፣ እኔ ዶሮ ወጥ ይዘን አብረን ፈሰክን። እንጀራ መጋገር የተማረች የደሴቷ ሴትም እሷ ብቻ ናት። ጤፍ በስንት ጊዜ አንዴ ከአቴንስ ስለሚመጣ ከገብስ ዱቄት ጋር እንቀላቅለው ነበር።

ለእነዚያ ባልና ሚስት የምመልሰው እንግዲህ ይሄ ነው። ልጃችሁ ጤነኛ ከሆነች፣ ወረቀታችሁ የተሟላ ከሆነ፣ ሁለታችሁም ከልባችሁ ከፈለጋችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት በየካቲት ሦስት ሳምንት ሂዱ። ሆቴል ሳይሆን ቤት ተከራዩ። መርከብ የቀረችበት ሳምንት እስኪያጋጥማችሁ ቆዩ። ከዚያ ደውሉልኝ። ካስተሎሪዞ ከሆነ የምትሄዱት፣ የኤሌክትሪክ ምጣዴን በ2016 ስንመጣ ለጎረቤቴ ልጅ ትቼላታለሁ። ቤቷ ወደቡን ጨርሳችሁ ወደ አሮጌው ምሽግ ፍርስራሽ ስትወጡ በግራ በኩል ነው። ስሜን ንገሯት፣ ትሰጣችኋለች። ክዳኑ ትንሽ ላላ ብሏልና ስትጋግሩ ጨርቅ ዙሪያውን አድርጉበት።